ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚወርዱ ጽሑፎች

በ1979 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በዱክ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ አንድ ነገር ጎድሏቸው ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጊዜው የነበረው ትልቁ የኮምፒውተር መረብ አርፓኔት ነው፤ እሱም ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ጋር የሚሠሩ ጥቂት ተቋማትን ብቻ ነበር የሚያገናኘው። ዱክ ከእነሱ መካከል አልነበረም። ተማሪዎቹ በእጃቸው የነበረው ዩኒክስ የተጫነበት ኮምፒውተር፣ የስልክ መስመርና በሴኮንድ 30 ፊደል ያህል ብቻ የሚያሳልፍ ሞደም ነበር።

በእነዚሁ ዕቃዎች ሠሩ። በአቅራቢያው ቻፕል ሂል ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ስቲቭ ቤሎቪን ተቀላቀላቸውና የመጀመሪያውን ፕሮግራም በሼል ስክሪፕት ጻፈ። አንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይደውላል፣ አዳዲሶቹን ጽሑፎች ይለዋወጣሉ፣ ስልኩም ይዘጋል። ሰዎቹ የመጣውን በኋላ፣ በራሳቸው ሰዓት ያነቡታል። በ1980 ሥርዓቱ ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይፋ ሆነ። ዩዝኔት ተባለ።

የዛሬው የዩዝኔት ተጠቃሚ ይህን አጀማመር ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም መረቡ እስከ ዛሬ ያልለቀቀው ጠባይ ከዚያ የመጣ ነው። ዩዝኔት የተሠራው ግንኙነት ውድና አጭር ነው ተብሎ ታስቦ ነው። ቶሎ ተገናኝቶ የሚፈለገውን ማውረድ፣ ግንኙነቱን መዝጋት፣ ከዚያ ተረጋግቶ ማንበብ። ዳታ በሜጋባይት ለሚገዛ፣ ኢንተርኔቱም መብራቱም መጣ ሄደ ለሚልበት ሰው ይህ አሠራር ዛሬም ሁነኛ መላ ነው። ደግሞም ምን ይውረድ፣ ምን ያህል ይውረድ፣ ስንት ቀን ይቀመጥ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የሚወስነው አንባቢው ራሱ ነው፤ ውሳኔውንም ጥቂት መስመር ባላቸው ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ውስጥ ያሰፍረዋል። ይህ ምዕራፍ ስለእነዚያ ፋይሎች ነው።

ማእከል የሌለው መረብ

ዩዝኔት ባለቤት የለውም። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ተለዋውጠው እንደሚለያዩት፣ ሁለት የዩዝኔት ሰርቨሮችም ሲገናኙ አንዱ ያለውንና ሌላው የሌለውን ጽሑፍ ይቀባበላሉ፤ የተቀበለውም በተራው ለሚቀጥለው ያደርሳል። አንድ ጽሑፍ ሁለቴ እንዳይመጣ እያንዳንዱ ሜሴጅ አይዲ የሚባል፣ በዓለም ላይ የማይደገም መለያ ይዞ ይጓዛል። አንዱ ሰርቨር ይህ መለያ ያለው ጽሑፍ አለኝ ሲል፣ ሌላው መዝገቡን አገላብጦ ከሌለው በ335 ላክልኝ፣ ካለው ደግሞ በ435 አያስፈልገኝም ብሎ ይመልሳል።

ጽሑፎቹ የሚቀመጡት በግሩፕ ነው፤ የግሩፖቹም ስም ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየወረደ ይሄዳል። ኮምፕ.ላንግ.ፓይተን ሲባል ስለ ኮምፒውተር፣ ከዚያም ስለ ፕሮግራም ቋንቋዎች፣ ከነሱም ውስጥ ስለ ፓይተን የሚወራበት ማለት ነው። ሶክ.ካልቸር.አፍሪካን ደግሞ ከማኅበራዊ ጉዳዮች መካከል ስለ አፍሪካ ባህል የተከፈተ ነው። ይህ አጠራር መልክ የያዘው በ1987 ግሩፖቹ በአዲስ መልክ ሲሰየሙ ነው።

በእነዚህ ግሩፖች ውስጥ ታሪክ ተጽፏል። ቲም በርነርስ ሊ ዎርልድ ዋይድ ዌብ ብሎ የጠራውን ፕሮጀክቱን በኦገስት 6 ቀን 1991 ያስተዋወቀው አልት.ሃይፐርቴክስት በተባለው ግሩፕ ነው። በዚያው ወር በ25ኛው ቀን የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በኮምፕ.ኦኤስ.ሚኒክስ ላይ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን ተናገረ፤ ኋላ ላይ ሊኑክስ የሆነው እሱ ነው።

ብዙ ሰው እነዚህን ግሩፖች ለረጅም ጊዜ ሲያነብ የኖረው በብራውዘር፣ በጉግል ግሩፕስ በኩል ነበር። ጉግል በ2001 የደጃ ኒውስን የቆየ ማኅደር ገዝቶ በሩን ከፍቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024 ግን ከዩዝኔት አዲስ ጽሑፍ መቀበሉንም መላኩንም አቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሳታፊ መሆን የሚፈልግ ሰው የራሱ ማንበቢያ ፕሮግራምና የሚያገናኘው ሰርቨር ያስፈልገዋል።

ሰርቨሩ ችግር አይደለም። ኢተርናል ሴፕቴምበር የተባለው ለተመዘገበ ሁሉ በነጻ ይሰጣል፤ የሚይዘውም ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ፊልምና ትላልቅ ፋይል አያስተናግድም። ስሙን ያገኘው ከ1993 ሴፕቴምበር ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ይበዛ የነበረው የጀማሪ ጎርፍ ከዚያ በኋላ ሳያቋርጥ ቀረ። ጂሜን የተባለው ደግሞ የሶፍትዌር ሠሪዎችን የኢሜይል ውይይቶች እንደ ዩዝኔት ግሩፕ አድርጎ ያቀርባል፤ አንድ ሰው በመቶ ኢሜይል ሳይጥለቀለቅ የሚፈልገውን ውይይት ብቻ ከዚያ መሳብ ይችላል።

ከሰርቨሩ ጋር የሚደረገው ምልልስ

የስልክ ጥሪው ዘመን አልፎ ኢንተርኔት ሲመጣ ብራያን ካንተርና ፊል ላፕስሊ በፌብሩዋሪ 1986 ኤንኤንቲፒ የተባለውን የመነጋገሪያ ደንብ አወጡ። ደንቡ በ2006 ታድሷል፤ አጥንቱ ግን ያው ነው። ፕሮግራሙ አንድ መስመር ትእዛዝ ይልካል፣ ሰርቨሩ በሦስት አኃዝ በሚጀምር መስመር ይመልሳል። ግልጹ ግንኙነት በ119 ቁጥር ፖርት፣ የተመሰጠረው በ563 ያልፋል።

ሴቲንጉን ለማስተካከል የተቀመጠ ሰው ይህን ምልልስ አንዴ በዓይኑ ቢያይ ከብዙ ድካም ይድናል። ፕሮግራሙ ሲገናኝ ሰርቨሩ 200 ካለ ማንበብም መጻፍም ይቻላል፤ 201 ካለ ማንበብ ብቻ። ፕሮግራሙ የተጠቃሚውን ስም ሲሰጥ 381 ይመጣል፤ ፓስወርዱን ጨምር ማለት ነው። ፓስወርዱ ልክ ከሆነ 281፣ ስህተት ከሆነ 481። ከዚያ ፕሮግራሙ ግሩፕ ይመርጣል። የ2006ቱ ደንብ ለምሳሌ ያቀረበው መልስ እንዲህ ነው፦

211 1234 3000234 3002322 ሚስክ.ቴስት

211 ግሩፑ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 1234 በግሩፑ ውስጥ ያሉት ጽሑፎች ግምት ነው፤ ቀጥሎ የመጀመሪያው ጽሑፍ ቁጥር፣ ከዚያ የመጨረሻው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲቆጠር 2089 ቁጥር አለ፤ ጽሑፉ ግን 1234 ብቻ ነው። ልዩነቱ ጊዜያቸው አልፎ ወይም ተሰርዘው የወጡት ናቸው። ፕሮግራሙ ሙሉ ጽሑፍ ሲጠይቅ ሰርቨሩ በ220 ጀምሮ ጽሑፉን ያፈስሳል፤ ብቻዋን የቆመች አንዲት ነጥብ ያለባት መስመር ስትመጣ ጽሑፉ አለቀ ማለት ነው።

ነገር ሲበላሽም የሚናገሩት እነዚሁ ቁጥሮች ናቸው። 480 ሲመጣ ሰርቨሩ መጀመሪያ ማንነትህን ንገረኝ እያለ ነው፤ ስለዚህ ፓስወርዱ ተሳስቷል ብሎ ከመጨነቅ በፊት ፕሮግራሙ ጭራሽ ፓስወርድ መላኩን ማየት ይበጃል። 411 የግሩፑ ስም ተሳስቷል ወይም ሰርቨሩ ያንን ግሩፕ አይዝም ማለት ነው። 423 ደግሞ በዚያ ቁጥር ጽሑፍ የለም ነው፤ ብዙ ጊዜ ጊዜው አልፎ የወጣ ነው እንጂ ስህተት አይደለም።

የማውረጃው ፋይሎች

በተርሚናል ከሚሠሩት የዩዝኔት ማንበቢያዎች ብዙ ዘመን ያገለገለው ጆን ዴቪስ የጻፈው ኤስኤልአርኤን ነው። አብሮት ኤስኤልአርኤን-ፑል የተባለ ወንድም ፕሮግራም አለ፤ በዴቢያን ሊኑክስ ሁለቱ ለየብቻ ይጫናሉ። የመጀመሪያው ያነባል፣ ሁለተኛው ያወርዳል። ኢንተርኔት ሁሌ ያለው ሰው የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃዋል። አውርዶ ኋላ ማንበብ የሚፈልግ ሁለቱንም ያስተካክላል። ትእዛዞቹና የፋይል ስሞቹ በኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እዚህ የተቀመጡት እንደሚነበቡት ነው።

ኤስኤልአርኤን-ፑል ሥራውን የሚሠራው በአንድ ፎልደር ውስጥ ነው። በዚያ ፎልደር የሚቀመጠው ዋናው የሴቲንግ ፋይል በየመስመሩ አንድ ግሩፕ ይይዛል፤ ከግሩፑ ስም ቀጥሎ ቁጥሮች ይሰለፋሉ። እንዲህ፦

ኮምፕ.ላንግ.ፓይተን 50 14

50 በአንድ ጊዜ ቢበዛ ስንት ጽሑፍ ይውረድ የሚለው ነው። 14 የወረደው ጽሑፍ ስንት ቀን ይቀመጥ የሚለው። ሦስተኛ ቁጥር ተጨምሮ 1 ከተባለ ደግሞ የጽሑፉ አካል ይቀርና ርዕሱ፣ ጸሐፊውና ቀኑ ያሉበት ራስጌ ብቻ ይወርዳል። ዲፎልት በሚል ቃል የሚጀምረው መስመር የራሳቸው ቁጥር ያልተጻፈላቸውን ግሩፖች ሁሉ ይገዛል። ይኸው ነው፤ ከዚህ የረዘመ ሰዋስው የለውም።

ቁጥሮቹን ለመምረጥ ግን ትንሽ ማሰብ ይጠይቃል። በቀን ሁለትና ሦስት ጽሑፍ ብቻ ለሚወጣበት ግሩፕ 50 ከበቂ በላይ ነው፤ ቢዘገይም የሚያመልጥ አይኖርም። በሚጨናነቀው ግሩፕ ላይ ራስጌ ብቻ ማውረዱ ይመረጣል። አንባቢው ራስጌዎቹን ያያል፣ የፈለገውን ምልክት ያደርጋል፣ በሚቀጥለው ግንኙነት ፕሮግራሙ ምልክት የተደረገባቸውን ሙሉ ጽሑፎች ብቻ ያመጣል። ዳታ ቆጥቦ ለሚጠቀም ሰው ከዚህ የተሻለ መላ የለም፤ ርዕሱን አይቶ ካልፈለገው ለአካሉ ምንም አልከፈለም።

የመቆያ ቀኑ ደግሞ በራሱ አይሠራም። አሮጌውን የሚጠርገው ኤክስፓየር የሚለው ትእዛዝ ለብቻው ሲሰጥ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው 14 ብሎ ጽፎ ሳለ ፎልደሩ በየወሩ እየወፈረ ይሄድበታል።

የተጠቃሚውን ማንነት የሚይዘው ፋይል ሁለት መስመር ብቻ አለው፤ በመጀመሪያው የተጠቃሚው ስም፣ በሁለተኛው ፓስወርዱ። ፋይሉ አልተመሰጠረም፤ የከፈተው ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ብቻ እንዲያነበውና እንዲጽፍበት ፈቃዱን በ600 መዝጋት የግድ ነው፤ በተለይ አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው በሚያገለግልበት ቢሮና ትምህርት ቤት። ፓስወርዱም ለሌላ ነገር ያልዋለ፣ ለዚሁ ብቻ የተፈጠረ ቢሆን ይመረጣል።

የማንበቢያው ፋይል

ኤስኤልአርኤን የሚያነበው የሴቲንግ ፋይል በተጠቃሚው የቤት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር በተራ የፎልደር ዝርዝር ላይ አይታይም። ከዚያ ውስጥ ቀድመው መስተካከል ያለባቸው ጥቂቶች ናቸው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ጽሑፍ ከየት እንደሚያመጣ መነገር አለበት። በኢንተርኔት ከሰርቨር ከሆነ የሰርቨሩ አድራሻ ይጻፋል፤ ግንኙነቱ እንዲመሰጠር አድራሻው ኤስኒውስ በሚል ቃል ይጀምራል። ከወረደው ፎልደር ከሆነ ግን ሰርቨር ኦብጀክት የተባለው ሴቲንግ ስፑል ይባላል፣ የፎልደሩም መንገድ ይጻፋል። ጀማሪን የሚያደክመው እዚህ ላይ ነው። አውራጁ በአንድ ፎልደር እያስቀመጠ ማንበቢያው ሌላ ፎልደር ውስጥ ቢፈልግ፣ ሁሉም ነገር ያለ ስህተት ወርዶ ሳለ የሚታየው ባዶ ዝርዝር ነው። ባዶ ዝርዝር ሲመጣ መጀመሪያ የሚመረመሩት ሁለቱ የፎልደር መንገዶች ናቸው።

ቀጥሎ ስምና አድራሻ። በዩዝኔት ላይ የወጣ የኢሜይል አድራሻ ለዓለም ሁሉ ይሰራጫል፤ አድራሻ ለቃሚ ፕሮግራሞችም ያፍሱታል። በ1999 የወጣ የኢንተርኔት ደንብ ኢንቫሊድ የሚለውን መጨረሻ ለማንም እንዳይሸጥ አድርጎ ለብቻው አስቀምጦታል። አድራሻውን በዚህ ቃል የሚጨርስ ሰው የማንንም እውነተኛ አድራሻ ሳይነካ የራሱንም ይሰውራል።

ከዚያ ፊርማ። ከጽሑፉ ግርጌ የሚወጣው ፊርማ ከአራት መስመር እንዳይበልጥ የቆየ ልማድ አለ፤ ከፊርማው በላይ ሁለት ጭረትና አንድ ባዶ ቦታ ያለው መስመር ይገባል። ያቺን ባዶ ቦታ መርሳት አይገባም። ሌሎች ማንበቢያዎች ፊርማውን ለይተው የሚቆርጡት በእሷ ነው።

ያነበቡትን የሚመዘግበው ፋይል

ኤስኤልአርኤን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ክሪኤት የሚል ተጨማሪ ትእዛዝ ከተሰጠው አንድ የመዝገብ ፋይል ይፈጥራል። በውስጡ እንዲህ ያለ መስመር ይገኛል፦

ኮምፕ.ላንግ.ፓይተን: 1-1203,1210

የግሩፑን ስም ተከትለው የመጡት ሁለት ነጥቦች አንባቢው የዚህ ግሩፕ ተከታታይ ነው ይላሉ። በነሱ ፈንታ የቃለ አጋኖ ምልክት ቢኖር ተከታታይነቱን አቋርጧል ማለት ነው። ቁጥሮቹ የተነበቡት ናቸው፤ ከ1 እስከ 1203 ሁሉም፣ ከዚያ 1210 ብቻ። ስለዚህ ከ1204 እስከ 1209 ያሉት ገና ይጠብቃሉ። ፋይሉን በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል፤ 500 ጽሑፍ የተጠራቀመበትና ጊዜ ያጣ ሰው ሁሉንም እንደተነበበ ለመቁጠር አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያሻው ሰርቨር ሲቀየር ነው። ሜሴጅ አይዲው በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ የጽሑፉ ቁጥር ግን በየሰርቨሩ ይለያያል፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ጽሑፍ በደረሰው ቅደም ተከተል ራሱ ይቆጥራል። በአንዱ 1210 የሆነው በሌላው 88,000 ሊሆን ይችላል። የድሮውን መዝገብ ይዞ ወደ አዲስ ሰርቨር የሄደ ሰው ያልተነበበው ተነቦ፣ የተነበበው እንደ አዲስ ሆኖ ይመጣበታል። ለእያንዳንዱ ሰርቨር የተለየ የመዝገብ ፋይል መስጠት ይህን ያስቀራል፤ የሴቲንግ ፋይሉም ሰርቨርን ከመዝገቡ ጋር የሚያጣምር መስመር አለው።

የዲቪው ማስታወቂያና የነጥብ ፋይሉ

በኤፕሪል 12 ቀን 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ የአሪዞና ጠበቆች ስለ አሜሪካ የግሪን ካርድ ሎተሪ፣ ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ሕፃን አዋቂው ዲቪ ብሎ ስለሚያውቀው ዕጣ፣ ማስታወቂያ ለቀቁ። ዓላማው ቅጹን በክፍያ የሚያስሞላ ደንበኛ መሳብ ነበር። ማስታወቂያው የወጣው ስለ ስደት በሚወራበት አንድ ግሩፕ አልነበረም፤ ስለ ሒሳብ፣ ስለ ምግብ አሠራር፣ ስለ ፕሮግራም በሚወራባቸው ከ5,000 በላይ ግሩፖች ነበር።

የአንባቢውን ቁጣ ያባባሰው አላላኩ ነው። ዩዝኔት አንድን ጽሑፍ በአንድ ሜሴጅ አይዲ ለብዙ ግሩፖች ማዳረስ ይፈቅዳል፤ እንዲህ ሲላክ ሰርቨሩ አንድ ቅጂ ብቻ ያስቀምጣል፣ አንባቢውም በአንዱ ግሩፕ ካየው በሌላው ተነቧል ተብሎ ይታለፋል። ጠበቆቹ ግን ለየግሩፑ ለየብቻ ላኩት። ሃያ ግሩፕ የሚከታተል ሰው ሃያ ጊዜ አየው፣ ሰርቨሮቹም በሺህ የሚቆጠር ቅጂ ተሸከሙ።

አንባቢዎች እንዲህ ካለው ነገር የሚከላከሉበት መሣሪያ ከዚያ በፊት ነበራቸው። ኋላ ፐርል የተባለውን ቋንቋ የፈጠረው ላሪ ዎል በ1984 ባወጣው አርኤን በተባለው ማንበቢያ ውስጥ ኪል ፋይል ነበር፤ እዚያ የተጻፈ ርዕስ ወይም ጸሐፊ ከአንባቢው ፊት አይቀርብም። ኤስኤልአርኤን ይህን አስፍቶ ነጥብ ወደ መስጠት አሳደገው።

የነጥብ ፋይሉ እንዲህ ይጻፋል። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የግሩፑ ስም ይገባል፤ ኮከብ ምልክት በመጠቀም ብዙ ግሩፖችን በአንድ መስመር መጥራት ይቻላል። ከሱ በታች ስኮር ተብሎ ቁጥር ይሰጣል። ቀጥሎ መመዘኛው ይመጣል፤ በርዕሱ ውስጥ ይህ ቃል ካለ፣ ጸሐፊው ይህ ከሆነ፣ መስመሩ ከዚህ ከበዛ። መመዘኛዎቹ ሁሉም ሲሟሉ ነጥቡ ይሰጣል፤ ስኮር ከሚለው ቃል በኋላ ሁለት ነጥቡ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ግን አንዱ መሟላቱ ይበቃል። ከአንድ በላይ ደንብ የሚመለከተው ጽሑፍ ነጥቦቹ ይደመሩለታል። ድምሩ ከዜሮ በላይ የሆነ ጽሑፍ ጎልቶ ይታያል፣ ወደ አሉታዊ 9999 የወረደ ከናካቴው ይጠፋል።

ደንቡ ጊዜያዊም ሊሆን ይችላል። ኤክስፓየርስ የሚል መስመር ከቀን ጋር ሲጨመር ደንቡ በዚያ ቀን ሥራውን ያቆማል። ለአንድ ወር የከረረ ጭቅጭቅን ለማለፍ ይህ በቂ ነው፤ ተጨቃጫቂዎቹን ለዘላለም መዝጋት አያስፈልግም። ደንብ ለመጨመር ፋይሉን መክፈትም ግድ አይደለም፤ በጽሑፎች ዝርዝር ላይ ትልቁን የ‘ኬ’ ፊደል መጫን ፕሮግራሙ ራሱ ጠይቆ እንዲጽፍ ያደርገዋል።

አውራጁም የራሱ የነጥብ ፋይል አለው፤ ይህኛው ዳታ ይቆጥባል። ኤስኤልአርኤን-ፑል መጀመሪያ የራስጌዎቹን ማጠቃለያ ይጠይቃል፤ ርዕስ፣ ጸሐፊ፣ ቀን፣ መጠን። በዚያ ላይ ነጥቡን አስልቶ የወደቁትን ጨርሶ አያወርዳቸውም። በማንበቢያው ፋይል የተሰወረ ጽሑፍ አንዴ ተከፍሎበታል፤ በአውራጁ ፋይል የተጣለ ግን ከሰርቨሩ አልተነሳም።

የግዕዝ ፊደል በተርሚናል ላይ

ዩዝኔት ሲወለድ የሚያውቀው የእንግሊዝኛን ፊደል ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን ዘዴ ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ አማርኛና ትግርኛ በላቲን ፊደል ተጽፈው፣ በትልቅና በትንሽ ፊደል ‘ተ’ ከ‘ጠ’ ተለይታ፣ ሳይዛቡ በኢሜይልና በመሳሰሉት እንዲያልፉ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው።

ዛሬ ይህ በሁለት መስመር ያልቃል። በኤስኤልአርኤን የሴቲንግ ፋይል ውስጥ የሚታየውም የሚላከውም ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን ቻርሴት በሚል ቃል በሚጀምሩ ሁለት መስመሮች ይታዘዛል። ተርሚናሉም፣ ማረሚያው ፕሮግራምም በዚያው መሥራት አለባቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢለይ ጽሑፉ ይበላሻል።

የመስመር ርዝመትም መታሰብ አለበት። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የአንድ መስመር ጣሪያ ደግሞ 998 ባይት ነው። አማርኛ የሚጽፍ ሰው አንቀጹን ሳይቆርጥ በአንድ መስመር ቢለቀው ከ332 ፊደል በኋላ ጣሪያውን ያልፋል። ማረሚያውን በ70 ፊደል ግድም መስመር እንዲሰብር ማዘዝ ችግሩን ከሩቅ ያስቀረዋል።

ማንም በሌለበት ሰዓት

ሁሉም ፋይል ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው ሥራውን ለኮምፒውተሩ መተው ነው። በሊኑክስ ክሮን የተባለው አገልግሎት በተባለው ሰዓት የተባለውን ትእዛዝ ያስኬዳል። መስመሩ በአምስት ቦታዎች ይጀምራል፤ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ዕለት። 0 እና 2 ተጽፎ ሦስት ኮከብ ቢከተል፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከዜሮ ደቂቃ ላይ ማለት ነው። ክሮን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ሰዓቱን ያላቀናነሰ ሰው ማውረጃውን ምሽት ላይ ሲጠብቅ ያድራል። የኮምፒውተሩ የሰዓት ቀጣና አዲስ አበባ መሆኑም መረጋገጥ አለበት።

በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከነበረ ክሮን ያመለጠውን አይመልስም። መብራት ለሚጠፋበት አካባቢ አናክሮን ይሻላል፤ የቀኑ ሥራ እንዳልተሠራ ካየ ኮምፒውተሩ ሲበራ ያስኬደዋል። በሁለቱም መንገድ ሁለት ትእዛዝ ይሰጣል፤ አንደኛው የሚያወርደው፣ ሁለተኛው ቀኑ ያለፈበትን የሚጠርገው። አንባቢው ቀን የጻፋቸው መልሶችም በመላኪያ ፎልደር ተቀምጠው ቆይተው በዚያው ግንኙነት ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ መላክ ያለበት ለሙከራ በተከፈተ ግሩፕ ነው፤ ሚስክ.ቴስት ለዚህ ያገለግላል። ርዕሱም አካሉም በአማርኛ ቢሆን አንድ ሙከራ ብዙ ነገር ያሳያል። ጽሑፉ ተልኮ ተመልሶ ሲወርድ፣ ጸሐፊ በሚለው ቦታ የታሰበው ስምና በኢንቫሊድ የሚያበቃው አድራሻ መኖሩ ይታያል። ፊደሉ በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ከመጣ የሚላከውን ቻርሴት የሚወስነው መስመር ዩቲኤፍ-8 አይደለም። ከፊደሎቹ ይልቅ በላይዋ ጭረት ያለባት የላቲን ‘ኤ’ በየሦስት ምልክቱ ከተመላለሰች ጽሑፉ ደህና ተልኳል፤ የተበላሸው የሚያሳየው ቻርሴት ነው፤ የአማርኛ ፊደላት የመጀመሪያ ባይት ሁሌም አንድ ዓይነት በመሆኑ ያቺው ምልክት ትደጋገማለች። ባዶ ሣጥን ብቻ ከታየ ደግሞ ሴቲንጉ ሁሉ ትክክል ነው፤ የጎደለው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን የመሰለ የግዕዝ ፎንት ነው፤ እሱን ጭኖ ተርሚናሉን ዘግቶ መክፈት ነው።